ከውርጭ እስከ ቆላ በአንድ ቀን፦ ለባሌ መንገደኛ የአለባበስ መመሪያ

ከሮቤ ማለዳ ተነስቶ፣ በጎባ አድርጎ የሳነቴን አምባ የሚያቋርጥ፣ ከዚያም በሪራና በሐረና ደን ቁልቁል ወርዶ ማታ ደሎ መና የሚገባ ሰው በአንድ ቀን ደጋን፣ ውርጭን፣ ወይና ደጋንና ቆላን ያዳርሳል። መንገዱ በኪሎ ሜትር ሲለካ ያን ያህል ረጅም አይደለም። የአየሩ ለውጥ ግን ቀናት የሚፈጅ ጉዞ ያህል ነው።

ብዙዎቻችን ለዚህ መንገድ የምንዘጋጀው ለአንድ አየር ብቻ ነው። አንዱ በሸሚዝና በስስ ጃኬት ይመጣና ሳነቴ ላይ የመኪናውን በር ከፍቶ መልሶ ይዘጋል። ሌላው «ባሌ ብርድ ነው» ተብሎ ስለተነገረው አንድ ወፍራም ካፖርት ደርቦ ይመጣል። ዳገት ሲጀምር በላብ ይጠመቃል፤ ዳገቱ አልቆ ንፋሱ ሲያገኘው ያ ላብ ያንቀጠቅጠዋል። ሁለቱም ብርድን ፈርተዋል እንጂ የአየሩን መለዋወጥ አላሰቡም። ይህ መንገድ የሚያቋርጠው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ይህን የመሰለ ቦታ የአገሩ ሰው ከመኪና መስታወት ጀርባ ብቻ አይቶት ቢመለስ ያሳዝናል። ተገቢው ልብስ ውድ አይደለም፤ አብዛኛው በየቤታችን አለ።

የመመሪያው ዋና ደንብ አንድ ነው፦ ከመብረድዎ በፊት ይልበሱ፣ ከማላብዎ በፊት ያውልቁ። የሚከተሉት ደረጃዎች ይህን ደንብ በመንገዱ ላይ እንዴት እንደሚሠሩበት ያሳያሉ።

1. መንገዱን በከፍታ ያስቡት

ከጉዞው በፊት በነበረው ምሽት ኪሎ ሜትሩን ትተው ከፍታውን ያስሉ። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጎባ ከእሷ ትንሽ ከፍ ብላ በ2,700 ሜትር አካባቢ ትገኛለች። የሳነቴ አምባ አብዛኛው ክፍል 4,000 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የባሌ ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ከአምባው ማዶ መንገዱ ወደ ሪራና ወደ ሐረና ደን ቁልቁል ይወርዳል፤ ደሎ መና 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት።

በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ አየሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ከጎባ እስከ ቱሉ ዲምቱ ወደ 10 ዲግሪ ይቀንሳል፤ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ደሎ መና ደግሞ 18 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። በዚህ ላይ ንፋሱን ያክሉበት። ቴርሞሜትር 5 ዲግሪ ሲያነብ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ንፋስ ካለ፣ የተጋለጠ ገላ ብርዱ ከዜሮ በታች የወረደ ያህል ይሰማዋል። ሳነቴ ገላጣ ነው፤ ንፋስ የሚጋርድ ዛፍ የለውም።

2. ሦስት ድርብ ያዘጋጁ

በዚህ መንገድ ከአንድ ወፍራም ልብስ ይልቅ ሦስት ቀለል ያሉ ልብሶች ይሻላሉ። አንዱን አውልቆ ሁለቱን ማስቀረት ይቻላልና። እያንዳንዱም የራሱ ሥራ አለው።

የመጀመሪያው ገላ የሚነካው ነው። ሥራው ላብን ከገላ ማራቅ ነው። የጥጥ ካናቴራ ለከተማ ጥሩ ነው፤ ዳገት ላይ ግን ላብ ይጠጣና ቶሎ አይደርቅም። በምትኩ ስፖርተኞች የሚለብሱት ዓይነት ቶሎ የሚደርቅ ባለ ረጅም እጅ ልብስ ይምረጡ። ሱሪዎ ስስ ከሆነ ከሥሩ ታይት ያድርጉ። ያለዎት ጥጥ ብቻ ከሆነ ሁለት ይያዙና ከዳገቱ በኋላ ይቀይሩ።

ሁለተኛው ሙቀት የሚይዘው ነው። የሱፍ ሹራብ እዚህ ላይ ተወዳዳሪ የለውም፤ እርጥበት ቢነካው እንኳ ማሞቁን አይተውም። ሁለት ስስ ሹራቦች ከአንድ ወፍራም ይበልጣሉ፤ በመካከላቸው የሚያዘው አየር ራሱ ያሞቃል። የፊት ዚፕ ያለው ሹራብ ይምረጡ። ሳያወልቁት ደረትዎን ከፍተው ማናፈስ ይችላሉ።

ሦስተኛው ንፋስና ዝናብ የሚከለክለው ነው። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ሳነቴ ላይ ግን ሁሉንም የሚወስነው እሱ ነው። ወፍራም መሆን የለበትም። ንፋስ የማያስገባ፣ ቆብ ያለውና ከወገብ በታች የሚወርድ ይሁን፤ ሁለት ሹራብ ከሥሩ የሚያስለብስ ስፋትም ይኑረው። እንዲህ ያለ ጃኬት በሰልባጅ ገበያ በጥሩ ዋጋ ይገኛል። ሲገዙ የስፌቱን መስመርና ዚፑን ይመርምሩ፤ ጨርቁ ላይ ውሃ ጠብ አድርገው ይጠጣ እንደሆነ ይሞክሩ።

ጂንስ ሱሪ ለዚህ ጉዞ አይመከርም። ከረጠበ ይከብዳል፣ እግር ያቀዘቅዛል፣ ቀኑን ሙሉም ላይደርቅ ይችላል።

3. ለጋቢና ለበርኖስ ቦታቸውን ይስጧቸው

የአገራችን ልብስ ለደጋ የተሠራ ነው። ሆኖም እያንዳንዱ የሚያገለግልበት ሰዓት አለው።

ጋቢ በአራት እጥፍ የተሸመነ ጥጥ ነው። በእጥፎቹ መካከል አየር ስለሚይዝ ደረቅ እስከሆነ ድረስ እጅግ ያሞቃል። ማለዳ መኪና ውስጥ፣ ማታ ከእራት በኋላ፣ ሌሊት ከብርድ ልብስ በላይ ተመራጭ ነው። ዝናብ ላይ ግን አያውጡት። ውሃ ከጠጣ ይከብዳል፣ ሙቀቱንም ያጣል። ሳነቴ ላይ ጋቢ መልበስ ከፈለጉ ንፋስ ከሚከለክለው ጃኬት ሥር ይከናነቡት፤ ከላይ ከሆነ ንፋሱ በሽመናው ውስጥ ያልፋል። ቡሉኮ ከጋቢ ይወፍራል። ለሌሊት እንጂ ለእግር መንገድ አይሆንም።

በርኖስ ሱፍ በመሆኑ ከጋቢ የተለየ ነው። ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ንፋስ ይቋቋማል፤ ካፊያውንም ለጊዜው ይመልሳል። በፈረስ ለሚጓዝ ሰው የሚስማማውም በዚህ ነው፤ ጉልበትን ጭምር ይሸፍናል። በቤትዎ የአባት በርኖስ ካለ ይዘውት ይምጡ።

4. ራስን፣ አንገትን፣ እጅንና እግርን አይርሱ

ሰውነት ሲበርደው ደም ወደ መሐል አካል ይሰበስባል፤ ጣቶች ቀድመው የሚደነዝዙት ለዚህ ነው። ጆሮን የሚሸፍን የሹራብ ኮፍያ፣ አንገት ላይ የሚጠመጠም ሻርፕ ወይም ነጠላ፣ እንዲሁም ጓንት ይያዙ። ሁለት ጥንድ ጓንት ቢኖር ይመረጣል፤ ስሱ ስልክና ካሜራ ለመንካት፣ ወፍራሙ ለንፋሱ።

ለእግርዎ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ቡትስ ይምረጡ፤ ከጉዞው በፊትም ቤት ውስጥ ያለማምዱት። ሁለት ካልሲ የሚደርቡ ከሆነ ጫማው እንዳይጠብ ይጠንቀቁ፤ የታሰረ እግር ደም ስለማይዘዋወርበት ከአንድ ካልሲ የባሰ ይበርደዋል። ሁልጊዜም አንድ ደረቅ የሱፍ ካልሲ በፌስታል ቋጥረው ያስቀምጡ፤ እሱ የሌሊት ነው፣ ቀን አይነካም።

ብርድ አለ ማለት ፀሐይ የለም ማለት አይደለም። በየ1,000 ሜትሩ የፀሐይ ጎጂ ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ሳነቴ ላይ እጅ በብርድ እየደነዘዘ ፊት በፀሐይ ይቃጠላል። ጥላ ያለው ኮፍያ፣ የፀሐይ መነጽር፣ ሰንስክሪን፣ ለከንፈር ደግሞ ቫዝሊን ይያዙ።

5. ልብሱን እጅዎ በሚደርስበት ያስቀምጡ

ከመኪናው ጣሪያ ላይ በሸራ ተጠቅልሎ የታሰረ ሹራብ እንደሌለ ይቆጠራል። ሻንጣዎ ከላይ ይጫን፤ አንድ ትንሽ ቦርሳ ግን ከጉልበትዎ አይለይ። ቦርሳውን መጨረሻ የሚፈልጉት ከታች፣ መጀመሪያ የሚፈልጉት ከላይ እንዲሆን አድርገው ይሙሉት፦ ከታች ትርፍ ካናቴራና ካልሲ፣ መሐል ላይ ሹራብ፣ ከላይ ንፋስ የሚከለክለው ጃኬት፣ በኪሱ ኮፍያና ጓንት። እያንዳንዱን በፌስታል ይለዩት።

የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ካለባት ከዲንሾ ተነስተው በእግር ወይም በፈረስ ለቀናት የሚጓዙ ሰዎች ይህን የበለጠ ያጥብቁት። ጓዝ የጫኑት ፈረሶች ከእርስዎ ተነጥለው ይሄዳሉ፤ ዝናቡ ሲመጣ አጠገብዎ ላይሆኑ ይችላሉ።

ፔርሙስዎን ጎባ ላይ በትኩስ ሻይ ይሙሉ። ቱሉ ዲምቱ ላይ ውሃ የሚፈላው 86 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ እዚያ የተፈላ ሻይ ታች እንደተፈላው አይግልም፣ በብርዱም ቶሎ ይቀዘቅዛል።

6. ቀኑን በየፌርማታው ይልበሱት

ሮቤ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት። የስንዴው ማሳ በጤዛ ወይም በውርጭ ተሸፍኖ ይሆናል። ገላ የሚነካውን ልብስና አንድ ሹራብ ይልበሱ፤ ጋቢውን ይከናነቡ።

ጎባ። ቁርስዎን ጠንከር አድርገው ይብሉ። ምግብ የሌለው ሰውነት የቱንም ያህል ቢደረብለት አይሞቅም፤ ልብስ የሚያደርገው ሰውነት ያመነጨውን ሙቀት መጠበቅ ብቻ ነው። ሽንት ቤት የሚሄዱትም እዚሁ ይሁን።

ዳገቱ። ከጎባ በላይ ጥዱንና ኮሶውን፣ ከዚያም አስታውን አልፈው ሽቅብ ይወጣሉ። በመኪና ከሆኑ ማሞቂያውን አያብዙት። አምባው ላይ ከመድረስዎ ከ10 ደቂቃ በፊት ያጥፉትና ሁለተኛውን ሹራብ፣ ጃኬቱን፣ ኮፍያውን መኪና ውስጥ ሳሉ ይልበሱ። በሩን ከፍተው ከወረዱ በኋላ መልበስ ዘገየ ማለት ነው፤ ንፋሱ በአንድ ደቂቃ የወሰደብዎትን ሙቀት ለመመለስ ረጅም ጊዜ ይፈጃል። በእግር የሚወጡ ከሆነ ግን ተቃራኒውን ያድርጉ፦ ሲነሱ ትንሽ እንዲበርድዎት ሆነው ይጀምሩ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ አካሄዱ ራሱ ያሞቅዎታል።

ሳነቴ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምሮ። ቀይ ቀበሮን ለማየት በጨለማ መጋፈጥ ግዴታ አይደለም። ሌሊቱ እጅግ ስለሚቀዘቅዝ የአምባው አይጦችና ፍልፈሎች ፀሐይ መሬቱን ካሞቀች በኋላ ይወጣሉ፤ ቀበሮውም እነሱን ተከትሎ በቀን ያድናል። ስለዚህ ረፋዱ ለእርስዎም ለእሱም ይስማማል። ቀበሮ ለማየት ግን አንድ ቦታ ዝም ብሎ መቀመጥ ያስፈልጋል፤ የተቀመጠ ሰው ከሚራመድ ሰው ይልቅ ይበርደዋል። ከመቀመጥዎ በፊት ያለዎትን ሁሉ ይደርቡ። በቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ በቀጥታ አይቀመጡ፤ ቦርሳዎን ወይም የታጠፈ ካርቶን ከሥርዎ ያድርጉ።

ቱሉ ዲምቱ። መኪና ጫፉ ድረስ ይወጣል፤ ይህ ራሱ አደጋ አለው፤ በተቀመጡበት በአጭር ጊዜ ከጎባ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍ ብለዋልና። እዚያ ላይ የአየሩ ግፊት የባሕር ወለሉ 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በዝግታ ይራመዱ፣ ውሃ ይጠጡ፣ ፎቶዎን አንስተው ይውረዱ።

ሪራና ሐረና። ቁልቁለቱ ከጀመረበት አንስቶ በየተወሰነው ርቀት አንድ ልብስ ያውልቁ፤ መጀመሪያ ሹራብ፣ ከዚያ ኮፍያና ጓንት። ሐረና ጥቅጥቅ ያለና እርጥብ ደን ነው፤ ጭጋጉና ጠብታው አይታመንም፤ ስለዚህ ጃኬቱን የመጨረሻ ያድርጉት። የጫካ ቡናውንና ማሩን ለመቅመስ እዚህ ጊዜ ይስጡ።

ደሎ መና። እዚህ በአንድ ስስ ልብስ ይበቃዎታል። በላብ የራሰውን ካናቴራ ይቀይሩ። ሹራቡን አየር ላይ ያስጡት እንጂ እርጥቡን በሻንጣ አይቅበሩት፤ በዚያው መንገድ የሚመለሱ ከሆነ ነገ ሳነቴ ላይ ይጠብቅዎታል።

7. ራሳቸውን ለማይከላከሉት ይጠንቀቁ

በጀርባ የታዘለ ሕፃን አይንቀሳቀስም። እናቱ ዳገት ስትወጣ ይሞቃታል፤ እሱ ግን ይበርደዋል። የሕፃኑን ሁኔታ በራስዎ ሙቀት አይለኩ፤ እጅዎን አንገቱ ሥር አስገብተው ደጋግመው ይዳስሱ። እግሮቹ ከአንቀልባው ውጭ ስለሚንጠለጠሉ ካልሲ ይደረብላቸው።

አዛውንት ብርዱን ዘግይተው ሊሰሙት፣ ቢሰሙትም በይሉኝታ ላይናገሩት ይችላሉ። «በረደዎት ወይ?» ብለው ከመጠየቅ ጋቢውን ደርበው ማልበስ ይሻላል።

ሾፌሩንም አይርሱ። መንገደኛው ሁሉ ተጀቡኖ እሱ በሸሚዝ የሚነዳበት ጊዜ ብዙ ነው። ሳነቴ ላይ ጎማ ቢተነፍስ ንፋሱ ላይ ተንበርክኮ የሚፈታው እሱ ነው። ጃኬትና ጓንት ከመቀመጫው ኋላ መኖሩን ከጎባ ሳይነሱ ያረጋግጡ።

8. ወሩን ያገናዝቡ

ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱ ደግሞ እጅግ ቀዝቃዛ ነው። ደመና ስለሌለ መሬቱ የቀን ሙቀቱን ሌሊት ወደ ሰማይ ይለቀዋል፤ አምባው ላይ ከዜሮ በታች ይወርዳል። በእነዚህ ወራት ለሌሊቱ ወፍራም ልብስ፣ ለቀኑ የፀሐይ መከላከያ ያብዙ።

ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ዝናብ ይጠበቃል። የዝናብ ወራት ሌሊቶች ከደረቁ ወራት ሌሊቶች ብዙ ጊዜ ለዘብ ይላሉ፤ ነገር ግን ውሃና ንፋስ ሲተባበሩ ከደረቅ ውርጭ የባሱ ናቸው። ውሃ የማያስገባ ሱሪ ያክሉ፤ የመለዋወጫ ልብስ በእጥፍ ያድርጉ። አምባው ላይ በረዶ ሊዘንብ እንደሚችልም ይገምቱ። ጃንጥላ ይዘው አይድከሙ፤ ንፋሱ ይሰብረዋል።

9. ሌሊቱን በደረቅ ልብስ ይጀምሩ

ዲንሾ ወይም ጎባ ቢያድሩም፣ አምባው ላይ ድንኳን ቢተክሉም፣ የቀኑን ልብስ ለብሰው አይተኙ። ደረቅ ቢመስልም ላብ ይዟል። ገላዎን አድርቀው፣ የተቋጠረውን የሱፍ ካልሲ አውጥተው፣ የሹራብ ኮፍያውን አድርገው ይተኙ። ስሊፒንግ ባግ ካለዎት ጋቢውን ከውስጥ ይጠቅልሉበት። ከሥርዎ የሚያነጥፉት ከላይዎ ከሚለብሱት እኩል ያስፈልጋል፤ ቀዝቃዛ መሬት ሌሊቱን ሙሉ ሙቀት ይስባል።

ሁለት ነገሮችን አጥብቄ እለምናለሁ። በተዘጋ ክፍል ወይም ድንኳን ውስጥ ከሰል አያጭሱ፤ ሽታ የሌለው ጋዙ በእንቅልፍ ላይ ይገድላል፤ በየደጋው ቤተሰብ የጨረሰ አደጋ ነው። ለሙቀት ብለውም አረቄ አይጠጡ። አረቄ ደምን ወደ ቆዳ ስለሚያወጣ ለጊዜው የሞቀ ይመስላል፤ በውስጥ ግን ሰውነቱ ሙቀቱን እየጣለ ነው። በምትኩ አጥሚት ወይም ትኩስ ሾርባ ይጠጡ።

10. የአደጋ ምልክቶችን ይወቁ

ማንቀጥቀጥ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሰውነት ራሱን ለማሞቅ እየታገለ ነው። ያኔውኑ ከንፋስ ይከለሉ፣ እርጥቡን አውልቀው ደረቅ ይልበሱ፣ ጣፋጭና ትኩስ ነገር ይጠጡ። አንድ ሰው ንግግሩ ከተሳሰረ፣ እጁ መቆለፍ ካቃተው፣ ከተደነባበረ፣ ወይም ሳይሞቅ ማንቀጥቀጡን ካቆመ ሁኔታው ከብዷል። ጠቅልለው፣ ሌላ ሰው አጠገቡ እንዲሆንና በሰውነቱ እንዲያሞቀው አድርገው በፍጥነት ወደ ሕክምና ይውሰዱት፤ ጎባ ሆስፒታል አለ።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና መፍዘዝ ደግሞ ከከፍታው ሊሆኑ ይችላሉ። ለእነዚህ ልብስ መደረብ መፍትሔ አይሆንም፤ መፍትሔው ወዲያው መውረድ ነው። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ከጉዞው በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ከመነሳትዎ በፊት

ከመተኛትዎ በፊት ሁሉንም ልብስ አልጋው ላይ ዘርግተው ይቁጠሩት፦ ቶሎ የሚደርቅ የውስጥ ልብስ ሁለት፣ ሹራብ ሁለት፣ ንፋስና ዝናብ የሚከለክል ጃኬት፣ ጂንስ ያልሆነ ሱሪ፣ ኮፍያ ሁለት፣ ሻርፕ፣ ጓንት፣ ካልሲ ሦስት ጥንድ፣ ቡትስ፣ ጋቢ፣ መነጽር፣ ሰንስክሪን፣ ፔርሙስ። ከዚያ ለብሰው ይሞክሩት፤ ሁሉም በአንድ ላይ ተደርቦ ክንድዎን ማንሳት ካልቻሉ ጃኬቱ ጠቦታል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ የምንዘጋጀው ብርዱን ለማሸነፍ ብቻ አይደለም። በዓለም ላይ ከቀሩት ከ500 የማይበልጡ አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚኖሩት ባሌ ውስጥ ነው። እነሱን በአገራቸው ለማየት ታግሶ መቀመጥን ይጠይቃል፤ የበረደው ሰው ደግሞ አይታገስም። በደንብ ለብሰው ይውረዱ፣ በሩን ከኋላዎ ይዝጉ፣ ጊዜ ወስደው ይዩ።